አምስተርዳም በእግር፦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ታሪክና ምሽት በአንድ ቅዳሜና እሁድ

አምስተርዳም ለኤልጂቢቲኪው ሰዎች (ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ ለትራንስጀንደሮችና ለመሰሎቻቸው) ምቹ ናት ሲባል ብዙ እንግዳ አንድ ትልቅ ሰፈርና አንድ ትልቅ ጭፈራ ቤት ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለው በአምስት ስድስት መንገዶች ላይ የተበተነ፣ አብዛኛው ከሰፊ ሳሎን የማይበልጥ ቡና ቤት ነው። እያንዳንዱም የራሱ ቀን፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ ደንበኛ አለው። ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ደርሶ፣ ሁለት ሰው ብቻ አይቶ የሚመለስ እንግዳ ቀኑን ስቶ ነው። ስለዚህ የመንገዱን ካርታ ከመክፈት በፊት ሳምንቱን ማወቅ ይቀድማል።

እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀን፣ ወርና ዓመት ግን በፈረንጆች ነው። ፖስተርና ቲኬት ላይ ግን የምታገኙት የ24 ሰዓቱን አቆጣጠር ነው፤ 22:00 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ ቅዳሜ አምሽቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የሚጀምር ድግስ ቲኬቱ ላይ የሚጻፍበት የእሁድ ቀን ነው (00:30)። ቀኑን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው እሁድ ማታ በሩ ላይ ይቆምና ድግሱ ትናንት አልቋል ይባላል። ሰዓቱንም ቀኑንም አንድ ላይ አንብቡ።

ቀንና ሰዓት

ማዘጋጃ ቤቱ ለመጠጥ ቤቶች የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ዓይነት ነው። የቀን ፈቃድ ያለው ቤት ከእሁድ እስከ ሐሙስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይዘጋል። የማታ ፈቃድ ያለው በሥራ ቀናት እስከ 9፣ በሳምንቱ መጨረሻ እስከ 10 ሰዓት ይቆያል። የሌሊት ፈቃድ ያለው ደግሞ እስከ 10 እና እስከ 11 ሰዓት። ይህ ደረቅ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕዝቡ በምሽት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ትንንሾቹ ቤቶች ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ይሞላሉ፣ ከዚያ ሰው ወደ ጭፈራው ይሻገራል። ጭፈራ ቤት ከምሽቱ 5 ሰዓት ብትገቡ የምታገኙት ዲጄውንና መጥረጊያ የያዘ ሠራተኛ ነው።

ጥሩዎቹ ቀናት ከሐሙስ እስከ እሁድ ናቸው። ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ሠራተኛው ከቢሮ እንደወጣ በቀጥታ ቡና ቤት ይገባል፤ ለብቻው የመጣ ሰው ወሬ ለመጀመር ከዚህ የቀለለ ሰዓት አያገኝም። የቅዳሜ ሌሊት ከከተማው ሰው ይልቅ የቱሪስት ነው። እሁድ ማታ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቱሪስቱ ሻንጣውን ሲጎትት የአገሩ ሰው ይወጣል። ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁ፣ ዓርብና ቅዳሜን ትታችሁ ቅዳሜና እሁድን ያዙ።

ከመውጣታችሁ በፊት

መታወቂያ። ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ በአካል ያዙ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ብዙ በረኞች አይቀበሉም። መጠጥ የሚሸጠው ከ18 ዓመት በላይ ላለ ሰው ነው፣ አንዳንድ ቤቶች 21 ይላሉ።

ገንዘብ። ብዙ ቤቶች የሚቀበሉት ካርድ ብቻ ነው። ቢሆንም በኪስ ሃያ ዩሮ በዝርዝር መያዝ ይጠቅማል፦ መጸዳጃ ቤት ከ50 ሳንቲም እስከ 1 ዩሮ የሚያስከፍልበት ቦታ አለ፤ ጃኬት ማስቀመጫም እንዲሁ።

ትራም። የባንክ ካርዳችሁን ወይም ስልካችሁን ስትገቡም ስትወርዱም ማሽኑ ላይ ታስነካላችሁ። ስህተቱ የሚመጣው በስልክ ገብቶ በካርድ ሲወረድ ነው። ባንኩ አንድ ቢሆንም ማሽኑ እንደ ሁለት ሰው ስለሚቆጥራችሁ ለሁለቱም የማይገባ ሂሳብ ይቆረጣል። ጠዋት የተጠቀማችሁበትን ዕቃ ቀኑን ሙሉ ተጠቀሙ። ሁለት ሰው በአንድ ካርድ መግባትም አይችልም።

ምግብ። የሬስቶራንት ወጥ ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዘጋል። በኋላ እበላለሁ ያለ ሰው እራቱ ከግድግዳ ሳጥን ከፍሎ የሚያወጣው ክሮኬት የተባለ ጥብስ ይሆናል። ክሮኬቱ መጥፎ አይደለም፣ ለእራት ግን አይበቃም። እንጀራ ካማራችሁ በከተማዋ የኢትዮጵያም የኤርትራም ምግብ ቤቶች አሉ፤ እነሱም ቀደም ብሎ መድረስን ይጠይቃሉ።

አረማመድ። ቀይ አስፋልት የብስክሌት መንገድ ነው። እዚያ ላይ ቆሞ ካርታ ማየት በአምስተርዳም ከሌባ በላይ ሰው ይጎዳል። ጠጥታችሁ ስትወጡ ደግሞ የቦዩ ጠርዝ አጥር እንደሌለው አስታውሱ።

ከሰዓት በኋላ፦ ከተማዋ ያስታወሰቻቸው

ምሽቱን ያለ ታሪኩ ማየት ይቻላል፤ ግን ግማሹ ያመልጣል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በትራም 14 አርቲስ መካነ እንስሳት አጠገብ ወርዳችሁ ፕላንታዠ ኬርክላን መንገድ ቁጥር 36 ፈልጉ። በጀርመን ወረራ ጊዜ የሕዝብ መዝገብ ቤቱ እዚህ ነበር፤ ናዚዎች አይሁዳውያንን ለይተው የሚያሳድዱት በዚያ መዝገብ ነበር። መጋቢት 27 ቀን 1943 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማታ የፖሊስ ልብስ የለበሱ አርበኞች ገብተው አቃጠሉት። ከመሪዎቹ አንዱ ሠዓሊውና ጸሐፊው ቪለም አሮንዴዩስ ነበር። ተይዞ በሐምሌ 1 ቀን ተረሸነ፤ ከመሞቱ በፊት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ፈሪዎች እንዳልሆኑ ዓለም እንዲያውቅ በጠበቃው በኩል መልእክት ልኳል። ልብሶቹን የሰፋው ሹራድ ባከርም አብሮት ተረሽኗል። በዝግጅቱ የተሳተፈችው የሙዚቃ መሪዋ ፍሪዳ ቤሊንፋንቴ፣ ሌዝቢያን ነበረች፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ተደብቃ ቆይታ ወደ ስዊዘርላንድ አመለጠች። ግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ከማዶ ያለው የአርበኞች ሙዚየም ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚበቃ ነገር ይዟል።

ከዚያ በእግር 20 ደቂቃ ገደማ ተጉዛችሁ ኦስተርዶክ ያለው የከተማዋ ዋና ቤተ መጻሕፍት ትደርሳላችሁ። መግቢያው ነጻ ነው። ውስጡ ያለው ኢህሊያ የተባለው ክፍል የኤልጂቢቲ መጻሕፍት፣ መጽሔቶች፣ ፖስተሮችና ደብዳቤዎች የተሰበሰቡበት ነው፤ ትንሽ ኤግዚቢሽንም አብዛኛውን ጊዜ ይኖረዋል። ደች ባታነቡ እንኳ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ፖስተሮች ብዙ ይናገራሉ። በ1946 የተመሠረተው ሴ ኦ ሴ የተባለው የኤልጂቢቲ መብት ማኅበር በዘርፉ በዓለም እስካሁን በሥራ ላይ ካሉት ቀደምቱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያወጣው ስም የሼክስፒር ክበብ የሚል ነበር። ለምን እንደተደበቀ ለመረዳት አንድ ሕግ ማወቅ ይበቃል። ሆላንድ በፈረንሳይ ስር በወደቀችበት በ1811 ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ ቀርቶ ነበር፤ በ1911 ግን አንቀጽ 248 ቢስ መጣና ለእነሱ ብቻ የዕድሜ ገደቡን 21 አደረገው። ይህ አንቀጽ እስከ 1971 ድረስ ሰው አሳስሯል። እና ልብ በሉ፣ በዓለም የመጀመሪያው ሕጋዊ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የተፈጸመው ከዚያ 30 ዓመት በኋላ ነው፤ ሚያዝያ 1 ቀን 2001 ልክ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ከንቲባው ዮብ ኮኸን በዚችው ከተማ አራት ጥንዶችን አጋቡ።

ካፌ ት ማንትዬ፣ በጊዜ

ከቤተ መጻሕፍቱ 10 ደቂቃ ተራምዳችሁ ዜይዳይክ የተባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቁጥር 63ን ታገኛላችሁ። አብዛኛው ሰው እዚህ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ስህተት ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የምታዩት የሰው ጀርባ ብቻ ይሆናል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ግቡ፣ ባንኮኒው ላይ ተቀመጡና ወደ ላይ ቀና በሉ።

ጣሪያው በክራቫት የተሞላ ነው። ቤቱን በ1927 የከፈተችው ቤት ቫን ቤረን የምትባል ሴት ናት፤ ቆዳ ጃኬት ለብሳ በሞተር ብስክሌት የምትዞር፣ ሴት ወዳጆቿን ከማንም የማትደብቅ። ደስ ያላትን ወይም የኮራባትን ደንበኛ ክራቫት በቢላ ቆርጣ ጣሪያ ላይ ትሰቅለው ነበር። ግድግዳው ፎቶ፣ ፖስታ ካርድ፣ ኮፍያና የባሕረኛ ዕቃ ነው። መርከበኛ፣ ሴተኛ አዳሪ፣ ሴት የምትወድ ሴት፣ ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ሁሉም አንድ ባንኮኒ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ባንኮኒው ላይ ያለችውን ጉጉት ፈልጉ። መብራት ናት። ፖሊስ ወይም የማይታወቅ ሰው ሲገባ መብራቷ ይበራ ነበር፤ ተቃቅፈው የነበሩ ሁለት ወንዶችም ይለያዩ ነበር። ጉጉት ክፉ ወሬ ታመጣለች በሚባልበት አገር ላደገ ሰው ይህችኛዋ ሥራዋን አሳምራ ሠርታለች። መጨፈር የሚፈቀደው በንግሥቲቱ ልደት ቀን ብቻ ነበር፤ በቀረው ጊዜ ፈቃዱን ሊያስነጥቅ ይችል ስለነበር መሳሳምም አይፈቀድም።

ባለቤቲቱ በ1967 ስትሞት አስከሬኗ ቢልያርድ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሰፈሩ ተሰናበታት። እህቷ እስከ 1982 ይዛው ቆየች፤ ከዚያ ተዘጋ። በ2008 ዘመዶቿ እንደገና ከፈቱት፣ ዕቃው ግን የድሮው ነው።

የመጠጥ ነገር። ድራፍት ስታዙ የሚመጣው 25 ሳንቲ ሊትር ትንሽ ብርጭቆ ነው፣ ላይዋ ሁለት ጣት አረፋ። ተጭበረበርኩ ብላችሁ አትመልሱ፤ አረፋው ሆን ተብሎ ነው፤ በጃምቦ ለለመደ ሰው ትንሽ ይከብዳል። ጂን የሚመስለውን ኼኔቨር የተባለ የደች አረቄ ካዘዛችሁ ብርጭቆዋ እስከ አፏ ጢም ብላ ትሞላለች። አታንሷት፣ ይፈስሳል። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ወደ ባንኮኒው ጎንበስ በሉና የመጀመሪያውን ጉንጭ ከዚያው ጠጡ። ከሰው ጋር ከተቀመጣችሁ መጠጥ የሚገዛው በየተራ ነው። አንዱ ለሁሉም ገዝቶ እናንተ ለራሳችሁ ብቻ ካዘዛችሁ ማንም አይናገርም፤ ግን ይታወቃል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ሂሳቡን ወደ ላይ ማጠጋጋት ይበቃል።

ሦስቱ ሦስት ማዕዘኖች

ከዜይዳይክ በእግር 20 ደቂቃ ያህል፣ ወይም ከማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ በትራም 13 ወይም 17 ዌስተርማርክት ውረዱ። ዌስተርኬርክ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ካይዘርስክራኽት ቦይ ዳር፣ ሆሞሞኑመንት አለ። ብዙ ሰው ፈልጎት ላዩ ላይ ቆሞ ሳያየው ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሐውልት ብሎ ወደ ላይ ያያል። መሬት መሬት እዩ።

ካሪን ዳን የተባለች ሠዓሊ ያቀደችው፣ መስከረም 5 ቀን 1987 የተመረቀው ሐውልት ሦስት የሮዝ ግራናይት ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ጎን 10 ሜትር ነው፣ ሦስቱ አንድ ላይ ደግሞ 36 ሜትር ጎን ያለው ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ መስመሩን አደባባዩ ላይ ባለው የሮዝ ድንጋይ ሪባን እየተከተላችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ሮዝ ሦስት ማዕዘን ናዚዎች በማጎሪያ ካምፕ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ላይ የሰፉት ምልክት ነው።

አንዱ ሦስት ማዕዘን በደረጃ ወርዶ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ይህ አሁንን ይወክላል፤ ጫፉ ዳም አደባባይ ላይ ወዳለው ብሔራዊ የጦርነት መታሰቢያ ያመለክታል። አበባ የሚቀመጠው እዚህ ነው፤ በ1970 አክቲቪስቶች ዳም ላይ የአበባ ጉንጉን ሊያኖሩ ሞክረው በመታሰራቸው ነው የራሳችን ቦታ ያስፈልገናል የሚለው ሐሳብ የጠነከረው። ሁለተኛው ከመሬት ጋር እኩል ነው፣ ያለፈውን ይወክላል፣ አይሁዳዊቷ ልጅ አን ፍራንክ ከናዚዎች ወደተደበቀችበት ቤት ያመለክታል፤ ዙሪያው ላይ ከያኮብ እስራኤል ደ ሃን ግጥም የተወሰደ ስንኝ ተቀርጿል። ሦስተኛው 60 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ እንደ መደብ የተሠራ ነው፤ መጪውን ይወክላል፣ የሴ ኦ ሴ ጽሕፈት ቤት ወደነበረበት ያመለክታል። እሱ ላይ መቀመጥ፣ መብላት፣ መጨፈር ይቻላል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ውሃ ዳር ያለው ላይ አበባ ካለ ግን አልፎ ረግጦ ፎቶ መነሳት ነውር ነው። ሚያዝያ 27 የንጉሡ ልደት፣ ግንቦት 5 የነጻነት ቀንና ፕራይድ የተባለው የኤልጂቢቲኪው በዓል ሲሆን አደባባዩ በሙሉ የአየር ላይ ጭፈራ ይሆናል፤ ግንቦት 4 ምሽት ደግሞ የጦርነት ሟቾች የሚታሰቡበት ስለሆነ የጸጥታና የአበባ ነው። ሁለቱን ቀናት አታምታቱ።

አን ፍራንክ ቤትን እግረ መንገዴን አያለሁ ማለት አይሠራም፤ ቲኬቱ የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ በየማክሰኞው ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ጉብኝት ይለቀቃል።

ከማምሸት እስከ እኩለ ሌሊት

ከሐውልቱ 10 ደቂቃ ወደ ደቡብ፣ ዮርዳን ሰፈር ውስጥ፣ ኤላንድስትራት 119 ሳራይን አለ። በ1978 ሴቶች በጋራ የመሠረቱት፣ ለረጅም ጊዜ ሴት ብቻ የሚገባበት ቤት ነበር፤ ከ1999 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። ለሌዝቢያኖችና ለትራንስጀንደር ሰዎች ከከተማዋ ሁሉ የተመቸው ይህ ነው። እንጨቱ ጠቁሯል፣ የቢልያርድ ጠረጴዛ አለ፣ ሙዚቃው ወሬ አይሸፍንም። ለብቻዋ የመጣች ሴት ሬጉሊርስድዋርስትራት ላይ አንድ ሰዓት ከምታጠፋ እዚህ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጥ ይሻላታል።

ሬጉሊርስድዋርስትራት ሁሉም መመሪያ የሚጠቅሰው መንገድ ነው፣ ከአበባ ገበያው ጀርባ። ቤቶቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ መምረጥ ቀላል ነው፤ ሶሆ የእንግሊዝ መጠጥ ቤት የሚመስል ሁለት ፎቅ ነው፣ ታቡ ትንሽ ሆኖ ወንድ እንደ ሴት ለብሶ በሚያቀርበው የድራግ ትርኢትና በጨዋታ ምሽት ይታወቃል። ታዲያ የዚህ መንገድ ምስጢር ውስጡ አይደለም፣ ደጁ ነው። በጋ ላይ ሰው ብርጭቆውን ይዞ ከበሩ ፊት ይቆማል፣ ትውውቁ ያለው እዚያ ነው። ብርጭቆውን ይዛችሁ ከቤቱ ክልል አትውጡ፤ በከተማው መሃል በመንገድ ላይ መጠጣት ያስቀጣል። ደንበኛው በዕድሜ ወጣትና በብዛት ወንድ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሠርግ በፊት የሚዝናኑ የሴት ቡድኖች ይገባሉ። ይህ ካልተመቻችሁ አምስት ደቂቃ ተራምዳችሁ ሃልፈማንስቴኽ የተባለው ቀጭን መንገድ ላይ ወዳለው ሞንማርትር ግቡ። እዚያ የደች ዘፈን ሲነሳ ቤቱ በሙሉ አብሮ ይዘፍናል፤ ቃሉን ባታውቁም አዝማቹን በሦስተኛው ዙር ትይዙታላችሁ።

ኬርክስትራትና ቫርሙስትራት ላይ ያሉት ቤቶች ሌላ ዓይነት ናቸው። ኬርክስትራት 4 ያለው ስፓይከር ቢልያርድ ያለው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ወንድ የሚበዛበት ዘና ያለ ቡና ቤት ነው። ጥቂት ቤቶች ያው መንገድ ላይና ቫርሙስትራት ላይ የቆዳ ልብስ ወይም የወሲብ ምሽት ያላቸው ናቸው። እነዚህ ቤቶች በየምሽቱ የአለባበስ ሕጋቸው ይለያያል፤ አንዱ ቀን የስፖርት ልብስ፣ ሌላው ቀን ቆዳ፣ ሌላው ቀን ከወገብ በላይ ራቁት። የዕለቱን ሕግ ድረ ገጻቸው ላይ ሳታነቡ በጂንስና በሸሚዝ ብትሄዱ በረኛው ይመልሳችኋል፤ ክርክር ዋጋ የለውም። ውስጥ ደግሞ ራስን ግራና ቀኝ መነቅነቅ ወይም እጅን ቀስ አድርጎ መግፋት አልፈልግም ማለት ነው፣ ያም በቂ ነው።

እሁድ፦ ደ ትሩት

ቢልደርዳይክስትራት 165፣ ምድር ቤት። በ1985 ሰዎች ሰብረው ገብተው የያዙት ሕንጻ ስር የተጀመረ ጭፈራ ነው። የሚሠሩት በሙሉ ያለ ደመወዝ ነው፣ መጠጡ ርካሽ ነው፣ ትርፉ ለኤልጂቢቲኪው ሥራዎች ይሰጣል። የሚከፈተው እሁድ ማታ ብቻ ነው።

ሦስት ነገር ሰውን ከበር ይመልሳል። አንደኛ ማርፈድ፦ ቦታው ውስን ስለሆነ በሩ ከመከፈቱ በፊት ወረፋ ይያዛል፤ ሲሞላ ይዘጋል። የሳምንቱን የመክፈቻ ሰዓት ድረ ገጹ ላይ አይታችሁ ግማሽ ሰዓት ቅደሙ። ሁለተኛ ስልክ፦ ፎቶ ፈጽሞ ክልክል ነው፣ ጭፈራው ላይ ስልክ ማውጣትም እንዲሁ፤ ያወጣ ይወጣል። ሦስተኛ ማንነት፦ ቤቱ ለኤልጂቢቲኪው ሰዎች ነው። ተቃራኒ ጾታ አፍቃሪ ሆናችሁ ለማየት ብቻ ከሆነ የመጣችሁት ቦታችሁ ሬጉሊርስድዋርስትራት ነው፤ የሌላውን ሰው ወረፋ አትያዙ።

ስልክ፣ ፎቶና የአገር ሰው

ይህ ክፍል ለሌላ አገር አንባቢ አጭር ይሆን ነበር። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል፤ ወደ አገር የሚመለስ፣ ወይም ቤተሰቡ አገር ቤት ያለ ሰው አንድ ፎቶ የሚያስከፍለውን ያውቃል። ስለዚህ፦

ከመሄዳችሁ በፊት ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ሌላ ሰው በፎቶ ሲጠቅሳችሁ ያለ ፈቃዳችሁ እንዳይታይ አድርጉ። የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ አጥፉ። የመተዋወቂያ መተግበሪያዎች ላይ ርቀት የሚያሳየውን አጥፉ፤ ከሦስት ቦታ ርቀትን አነጻጽሮ ያላችሁበትን ቤት ማግኘት ይቻላል። በነሐሴው የቦይ ላይ የጀልባ ሰልፍና በሬጉሊርስድዋርስትራት ደጅ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው አይጠፋም፣ መታየት የማይፈልግ ከበሩ ይልቅ ከውስጥ ይቀመጥ። የሌላውን ፊት ሳትጠይቁ አታንሱ፤ በተለይ የሐበሻ ሰው ካያችሁ እሱ ሳይቀድማችሁ ሰላምታ በአማርኛ ጮክ ብላችሁ አትስጡ።

አማርኛ ምስጢር ይጠብቃል ብላችሁ ደግሞ አትታለሉ። የታክሲ ሹፌሩ፣ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ ትራሙ ላይ ከኋላ የተቀመጡት እናት፣ ማን ሐበሻ እንደሆነ አይታወቅም። ስልክ ላይ የምሽቱን ወሬ ለማውራት ክፍል እስክትደርሱ መቆየት ይቻላል።

ሆላንድ ውስጥ ጥገኝነት የጠየቁ ወይም ከካምፕ የሚመጡ አንባቢዎች መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው ለመፈለግ አይገደዱም። ሴ ኦ ሴ ኮክቴል በሚባለው ፕሮግራሙ ስደተኛ ኤልጂቢቲኪው ሰዎችን ያገናኛል፤ ሲክሬት ጋርደን የተባለው የአምስተርዳም ማኅበርም ለስደተኞችና ከሌላ ባህል ለመጡ ነው። ሻይ ይጠጣል፣ ወረቀት ይሞላል፣ ጓደኛ ይገኛል።

ሲመለሱና ነገር ሲበላሽ

ትራምና ሜትሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያበቃሉ። ከዚያ የሌሊት አውቶቡስ አለ፤ ዋጋው ከቀኑ ይበልጣል፣ ማስነካቱ ያው ነው። ከሮተርዳም፣ ከዴን ሃግ፣ ከላይደን ወይም ከዩትሬክት የመጣችሁ ከሆነ በአምስተርዳም፣ በእነዚህ ከተሞችና በስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ መካከል የሌሊት ባቡር በየሰዓቱ አለ፤ አንዱን ካመለጣችሁ አንድ ሰዓት ጣቢያ ውስጥ በብርድ መጠበቅ ነው፣ ሰዓቱን አይታችሁ ከጭፈራው ውጡ።

መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ ኮኬይን የሚል ሰው ከቅርብ አትስሙት። አብዛኛው የሚሸጠው ዱቄት ነው፣ መጥፎ ሲሆን ደግሞ ይገድላል፤ በ2014 ኮኬይን ተብሎ የተሸጠ ነጭ ሄሮይን ቱሪስቶችን ገድሎ ከተማዋ በየመንገዱ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሰቅላ ነበር። ጓደኛችሁ ከወደቀ 112 ደውሉና የወሰደውን በትክክል ተናገሩ፤ አምቡላንሱ የሚመጣው ለማሰር አይደለም።

ስድብ፣ ምራቅ ወይም ድብደባ ከደረሰባችሁ በዚያው ሰዓት 112፣ ጉዳዩ ካለፈ 0900 8844 ነው። የአምስተርዳም ፖሊስ ከ1998 ጀምሮ ሮዝ ኢን ብላው የተባለ፣ ራሳቸው ኤልጂቢቲ የሆኑ ፖሊሶች ያሉበት ቡድን አለው፤ ክስ ስታስመዘግቡ እነሱን መጠየቅ ትችላላችሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስምና የተባለውን ቃል ሳትተኙ በስልካችሁ ጻፉ፤ ጠዋት ላይ ግማሹ ይጠፋል።

ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተፈጠረ ወይም ኮንዶም ከተቀደደ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ደግሞ በጣም ይሻላል። በሥራ ሰዓት የከተማዋ ጤና ቢሮ፣ ኸ ኸ ዴ፣ ቀሪውን ጊዜ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ሰኞን መጠበቅ ስህተት ነው።

በነሐሴ መጀመሪያ ከሆነ

የቦዩ ላይ ሰልፍ ከ1996 ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ነሐሴ የመጀመሪያው ቅዳሜ ይደረጋል፤ በ2026 ከተማዋ ዓለም አቀፉን ፕራይድ፣ ወርልድ ፕራይድን፣ ለማስተናገድ ተመርጣለች። በዚያ ሳምንት ከላይ የተጻፈው ሁሉ ይለወጣል። ሆቴል ከወራት በፊት ካልተያዘ ሃርለም ወይም ዛንዳም አድሮ በባቡር መመላለስ ይሻላል፣ ሁለቱም ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጡም። በመሃል ከተማ ያሉ ትራሞች መንገዳቸው ይቀየራል። ፕሪንሰንክራኽት ዳር ቦታ ለማግኘት ጀልባዎቹ ከመነሳታቸው ሁለት ሰዓት በፊት መድረስ ያስፈልጋል። ድልድይ ላይ ቆመው የሚያዩት በጣም ይጨናነቃሉ፤ ከድልድዩ ሃያ ሠላሳ ሜትር ራቅ ብሎ የቦዩ ጠርዝ ላይ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ ይሻላል። ውሃና ኮፍያ ያዙ፣ መጸዳጃ ከመቀመጣችሁ በፊት ሂዱ፣ ምክንያቱም ከተነሳችሁ ቦታውን መልሳችሁ አታገኙትም።